ሻለቃ የቀላበት ዓመት

ከሥራ ያሰናበተኝ ቴሌቪዥን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመጨረሻ የሠራሁበት ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የዓሣ ገንዳ ነበረው። መስታወቱን የምወለውለው፣ ውሃውን የምቀይረው፣ ዓሣዎቹን በየዘራቸው የምጠራው እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ስገባ ገንዳው የለም። በቦታው ሰፊ ስክሪን ተሰቅሎ ዓሣዎች ይዋኙበታል። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እነዚህኞቹ ምግብም አይፈልጉ፣ አይሞቱም" አለኝ።

ቀረብ ብዬ አየሁና፣ "ያ ቀዩ ኦራንዳ የሚባለው ዘር ነው። ከኋላው ያለው ግን የውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ጅራት ያለው ዓሣ እግዜር አልፈጠረም" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የጡረታ ወረቀቴን ጨርሼ ወደ አገሬ፣ ወደ ሞላሌ ተመለስኩ።

ስለ ራሴ ለመናገር አላፍርም። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ እስከ ወሎ ድንበር ድረስ የወርቅ ዓሣን ዘር ለይቶ የሚናገር ሰው ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ክፍሌ ነኝ። "ማን ፈልጎት ያውቃል?" የሚሉ አሉ። እዚሁ ሞላሌ ተፈልጎ ያውቃል። የምጽፈውም ስለዚያ ነው፤ ግን ወደዚያ ከመድረሴ በፊት እውቀቱ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ።

ትምህርት ቤት የገባሁት ፊደል ለመቁጠር ያህል ነው። አዲስ አበባ ስገባ ጉልበት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ አንድ አሮጌ ሆቴል ለአትክልት ቦታው ቆፋሪ አድርጎ ቀጠረኝ። አትክልት ቦታው መሐል ኩሬ፣ ኩሬው ውስጥ ደግሞ የወርቅ ዓሣዎች ነበሩ። የኩሬው ጌታ ጋሽ ደበላ ይባሉ ነበር። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉ፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ።

ጋሽ ደበላ ውሃው ውስጥ እጃቸውን ከመክተታቸው በፊት በኩሬው ውሃ ይለቃለቁ ነበር፤ ሳሙና የነካው እጅ ዓሣ ይጎዳልና። ከዚያ በመዳፋቸው ጨለፍ አድርገው ያሸቱታል። ውሃው ደህና ከሆነ ሻይ ያዝዛሉ። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ዓሣውን ከላይ ቁልቁል እያዩ ሻዩን ፉት ይላሉ። ሻዩ ሳያልቅ ስለ ዓሣው አንዲት ቃል አትወጣቸውም። ሰው ሲያጣድፋቸው ብርጭቆውን ከፍ አድርገው የቀረውን ያሳያሉ።

"ከላይ እይ" ይሉኝ ነበር። "ከጎን ሲታይ ሁሉም ቆንጆ ነው። ከላይ ስታየው ግን ጀርባው ይናገራል።"

የወርቅ ዓሣ ሁሉ መነሻው አንድ ነው። ቻይናና ጃፓን ውስጥ ሰዎች እየመረጡ እያዳቀሉ ብዙ ዘር አወጡለት። ጋሽ ደበላ የሚለዩበት መንገድ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ የጀርባው ክንፍ አለ ወይስ የለም? ጅራቱ አንድ ነው ወይስ የተከፈለ? ዓይኑ ከፊቱ ጋር እኩል ነው ወይስ ወጥቷል? ራሱ ላይ እንጆሪ የመሰለ ሥጋ በቅሏል? ቅርፊቱስ? ስለ ቀለም ስጠይቃቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። "ቀለሙን ተወው። ሁሉን ከጨረስክ በኋላ ትዝ ካለህ ታየዋለህ።"

የዘሮቹን ስም የሰጡኝ እሳቸው አይደሉም፤ አያውቋቸውም ነበር። እኔ ነኝ ከአሮጌ መጽሐፍ መሸጫ የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ ገዝቼ፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል እያስነበብኩ የያዝኩት። ኦራንዳ፣ ሪዩኪን፣ ራንቹ፣ ኮሜት፣ ቴሌስኮፕ። እነዚህን ስሞች ተኝቼ ብቀሰቀስ አልስታቸውም። ጋሽ ደበላ አንድ ቀን ስጠራቸው ሰሙና፣ "ዓሣው ግን ስሙን ያውቃል?" አሉኝ። ቅናት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራሁ። አንዲት እመቤት መጋረጃ በቀየሩ ቁጥር ዓሣዎቹም ከመጋረጃው ጋር እንዲሄዱ ይፈልጉ ነበር፤ ሰማያዊ መጋረጃ የሰቀሉ ዕለት በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ። አንድ ሐኪም ደግሞ ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ገንዳ አስቀምጦ፣ "ጋሽ ክፍሌ፣ ግማሹ በሽተኛ እኔ ጋ ሳይደርስ እርስዎ ጋ ድኖ ይሄዳል" ይለኝ ነበር። ደመወዙ እዚህም እዚያም ያው ነበር። ክሊኒኩን ግን እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ፤ ሕመሙን ረስቶ ዓሣ የሚከተል ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ነገር ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

አንድ ጊዜ ብቻ እጄ ላይ ነገር ተበላሽቷል። አንድ ነጋዴ ቤት ተጠራሁ። ሚስቱ ከጫጩትነቱ ያሳደገችው ነጭና ቀይ ዓሣ ነበራት፤ ሆዱ ክብ፣ ቅርፊቱ ሁሉ ወደ ውጭ የተነፋ። ስሜ የገነነበት ጊዜ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ፣ ከጎን በመስታወቱ አየሁትና፣ "ውሃ የመቋጠር በሽታ ነው" አልኩ። ውሃ የቋጠረ ዓሣ ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ ይከፈታል፤ እሱን የመሰለኝ ነበር። ጠንካራ የጨው ውሃ አዘጋጅቼ ነከርኩት። ከሰዓት በኋላ ሞተ። ሴትየዋ አልተቆጣችኝም። ገንዳው አጠገብ ያለውን ወንበር ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

ዓሣውን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ለጋሽ ደበላ ወሰድኩላቸው። ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ቆመው ከላይ አዩት። ጣታቸውን ጀርባው ላይ አስኬዱት። ቅርፊቱ አልተከፈተም ነበር፤ እያንዳንዱ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ የጠነከረ ነጭ ጉብታ ነበረበት። ተፈጥሮው ነው። ፐርል ስኬል የሚባለው ዘር ነው፤ መጽሐፌ ውስጥ ሥዕሉ ነበር።

"ሻይህን ጠጥተህ ነበር?" አሉኝ።

"አልጠጣሁም።"

ቅጠሉን መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓሣ ሻዬን ሳልጨርስ ፈርጄበት አላውቅም፤ አንድም ዘር ስቼ አላውቅም። ይህን ማንም መጥቶ ይጠይቀኝ።

እንግዲህ ወደ ሞላሌ።

ጡረታ ወጥቼ ስገባ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ዓሣ ነበር። እግዜር አልረሳኝም አልኩ። ጌታነህ የሚባል ባለ ሆቴል መንገድ ዳር ባለው ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የመስታወት ገንዳ አስቀምጧል። ውስጡ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ዓይኖቹ ወደ ውጭ የፈጠጡ አንድ ዓሣ አለ። ሲያይ የተቆጣ መኮንን ስለሚመስል ሰዉ "ሻለቃ" ብሎታል። የገበያ ቀን የዘመሮ ሰው ሳይቀር እሱን ለማየት ገብቶ ሻይ ይጠጣል። እኔም ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩና፣ "ቴሌስኮፕ ነው፤ ጥቁሩን ብላክ ሙር ይሉታል" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌታነህ ለእንግዳው ሁሉ ስሙን እየተናገረ ይኮራ ነበር።

ሌላም የሚናገረው ነገር ነበረው። ዓሣውን ከአዲስ አበባ ያመጣው አውቶቡስ ላይ ባልዲ ታቅፎ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው የባልዲው ክዳን ወድቆ የዓሣውን የጀርባ ክንፍ ቆንጥጦት ነበር። "ሞተብኝ ብዬ ሰው መሐል ልጮህ ምንም አልቀረኝ!" እያለ ለሺህ ሰው አውርቶታል።

ዓሣውን የምትመግበው አስካለ ናት። አስካለ የሆቴሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የመሪጌታ ጽጌ ልጅ ናት። መሪጌታ በደብሩ የዜማ መምህር ናቸው። አስካለ ምሽት ላይ ብርዱ ሲጠነክር ገንዳውን በባና ትሸፍነው ነበር፤ በበግ ሱፍ የተሠራ፣ እኛ የምንለብሰው ወፍራም ብርድ ልብስ። "ይሄ ዓሣ ብርድ ይችላል፤ ከመንዝ ሰው አያንስም" ብያቸዋለሁ። ጌታነህ ግን አላመነም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስመጥቶ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሰካው። "እንዳትነኪው" አላት። ከመስቀል በኋላ ወንድሙን ሊያስታምም አዲስ አበባ ሄደ። እኔም አጥንቴን ላሞቅ ቆላ ወርጄ ዓለም ከተማ ልጄ ጋ ከረምኩ።

ከፋሲካ በኋላ ስመለስ አስካለ ቤቴ መጣች። ወንበር ሰጥቻት አልተቀመጠችም።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ሻለቃ ቀላ።"

"ምን ሆነ?"

"ቀላ። ሆዱ ጀመረ፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ ሁሉ ነገሩ። እንደ በርበሬ ሆኗል። ለጋሼ ጌታነህ ደውዬ 'ዓሣው እየቀላ ነው' ስለው 'በጾም ቅቤ እያበላሽው ይሆናል' ብሎ ስቆ ዘጋብኝ። አሁን መጣና አየው። 'ጥቁሩን ሸጠሽ ርካሹን ተክተሽ ነው' ብሎ ከሥራ አስወጣኝ። ለሹፌሮች ሰጥታ አስለወጠችው እያለ አገሩን ሞላው።"

"ሽማግሌ አልገባም?"

"ገብቷል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትማል፣ ከማለች ነገሩ አበቃ አሉ። እኔ እምላለሁ አልኩ። አባቴ ግን ተነስቶ 'ልጄ አትምልም' አለ። 'ውሸት ሆኖ አይደለም፤ እውነትም ቢሆን መሐላ አይገባም' አላቸው። አሁን ሰዉ 'አባቷ እንኳ አላመናትም' እያለ ነው።" ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። "ካልማልኩ ሌባ ነኝ። ከማልኩ የአባቴ ልጅ አይደለሁም። እርስዎ ዓሣ አውቃለሁ ይላሉ።"

"እላለሁ አይደለም፤ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ይወቁልኝ።"

በዕድሜዬ ሁሉ ከተሰጠኝ ሥራ የከበደው ይሄ ነው። ጥቁሩ ሙር ሲያረጅ፣ በተለይ ውሃው ሲሞቅ፣ ጥቁረቱን ሊጥል እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን በሰው ስም ላይ ነው የምፈርደው፤ የዚያች ሴት ወደ ግድግዳ የዞረ ወንበርም ፊቴ መጣ። "ሳላየው አልናገርም" ብዬ ሰደድኳት።

ሽማግሌዎቹ ከመሐላው በፊት ዓሣውን እንዳየው ተስማሙ፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሆቴሉ ግቢ ሞላ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ በግ ሲያረቡ የኖሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። መሪጌታ ጽጌ ከልጃቸው ጎን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጌታነህ ገንዳው አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"ጋሽ ክፍሌ፣ እርስዎ ራስዎ ጥቁር ነው ብለው ስሙን ነግረውኛል። ይሄ ጥቁር ነው? ይንገሩኝና ይለይ!"

"መጀመሪያ ነጭ ሳፋ አምጡ" አልኩ። "ከገንዳው ውሃ ጨልፋችሁ ሙሉት፤ ዓሣውን እዚያ ውስጥ አድርጉልኝ። ለእኔ ደግሞ ሻይ።"

"ሻይ?" አለ ጌታነህ።

"ሻይ። ስኳሩ ይነስ።"

ሳፋውን ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። በውሃው ተለቃለቅሁ፣ አሸተትሁት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቁልቁል አየሁ። ሰዉ ዙሪያዬን ከበበ። ጌታነህ "እ?" አለ። ብርጭቆዬን ከፍ አድርጌ የቀረውን አሳየሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና "እ?" አለ። እንደገና አሳየሁት። ጋሽ ደምሴ "ይሄ ሰውዬ ሻዩን የሚጠጣው በማንኪያ ነው እንዴ!" አሉና ግቢው ሳቀ። እኔ ግን አዲስ አበባ ኩሬ ዳር ነበርኩ።

ጨረስኩና ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩ።

"የጀርባ ክንፍ አለው። ጅራቱ ተከፍሏል። ሰውነቱ አጭር ነው። ዓይኖቹ ወጥተዋል። ቴሌስኮፕ ነው፤ ያኔ ያልኳችሁ ዘር። በዘሩ የተለወጠ ነገር የለም።"

"ቀለሙስ?" አለ ጌታነህ።

ወደ ጋሽ ደምሴ ዞርኩ። "ጋሽ ደምሴ፣ ጥቁር በግ ፀሐይ ሲመታው ጠጉሩ ምን ይሆናል?"

"ጫፉ ይቀላል።"

"የጠፋ በግ ተገኘ ሲባል ታዲያ እንዴት ነው የሚያዩት?"

"ጠጉሩን ገልጬ ከሥሩ ነዋ! ከዚያ ጆሮውን አያለሁ፣ ምልክት ካለው።"

"እንግዲህ ይግለጡ" አልኩ። ዓሣውን በእርጥብ መዳፌ ደገፍ አድርጌ የጎኑን ክንፍ በቀስታ አነሳሁ። ብብቱ ሥር ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ቀርቷል። የጅራቱ ጫፍ ላይም አለ። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው አዩ፤ "እውነት ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ነው" አሉ። "ቀለሙን ያስጣለው ሙቀቱ ነው የሚመስለኝ" አልኩ። "ዕድሜውም አግዞት ይሆናል። ቀን ከሌት ሻይ ውስጥ ነው የኖረው።"

ጌታነህ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። "ከሌላ ቦታ ያመጣችው ሌላ ዓይነ ፈጣጣ ቢሆንስ? እሱም ከሥሩ ጥቁር ቢሆንስ?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። ዘሩን መለየት ዓሣው ያው ራሱ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ደምሴ "እንግዲያው አንተ ክፍሌ ማል" አሉ። "እሷን አባቷ ከለከሏት፤ አንተን የሚከለክልህ የለም። ይኸው ዓሣ ነው ብለህ ማልና እንበታተን።"

መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። አስካለም አየችኝ፤ ዓይኗ "ይማሉልኝ" እያለ ይለምን ነበር። መሐላው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ሁሉ ይመሰክራል፣ ወደኋላ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እኔ ብምል ነገ "ክፍሌ ማለላት" ነው የሚባለው። የእሷ እውነት የእኔ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ከበርጩማው ተነሳሁ።

"ጌታነህ፣ ና ተቀመጥ።"

"እኔ?"

"አንተ። ለዚህ ሰው ሻይ አምጡለት።"

"ጋሽ ክፍሌ፣ እኔ ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ?"

"ስለዚህኛው ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። ባልዲውን ማን ነው የታቀፈው? ክንፉን የቆነጠጠው ክዳን የማን ነበር? ሻይህን እስክትጨርስ ከላይ እየው፤ ከዚያ ያየኸውን ንገረን። እኔ የምለውን ሳይሆን አንተ ያየኸውን።"

ተቀመጠ። ሻዩ መጣ። መጀመሪያ ለይምሰል ጎንበስ አለ። ዓሣው ሳፋው ውስጥ ዞረ፣ ወደ ፀሐዩ መጣ፣ የጀርባውን ክንፍ ዘረጋ። ክንፉ ጫፉ ላይ ደርሶ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ተሰብሮ የዳነ ጣት ይመስላል። ጌታነህ ሻዩን ወደ አፉ ሊወስድ ጀምሮ እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ዓሣው እንደገና ዞረ። እንደገና አየው። ከመንገዱ ማዶ በግ ሲጮኽ ይሰማል።

ሻዩ በረደ። አልጠጣውም።

"ሻለቃ" አለ፣ ለዓሣው ብቻ እንደሚናገር ዝቅ አድርጎ።

ተነሳ። ወደ አስካለ ዞሮ፣ ፊቷን ሳያይ፣ እንደ ድሮው ሥራ እንደሚያዛት ሁሉ፣ "አስካለ፣ ያንን ማሞቂያ ንቀይው" አለ።

አስካለ ከአባቷ ጎን አልተንቀሳቀሰችም። "እንዳልነካው ብለውኛል" አለች። "እርስዎ የሰኩትን እርስዎ ይንቀሉ።"

ጋሽ ደምሴ ሳቃቸው አመለጣቸው። መሪጌታ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ እየሳቁ መሆናቸውን ከትከሻቸው ነው ያወቅሁት። ጌታነህ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ሁላችንም በበሩ እያየነው፣ ገንዳው ሥር ተንበርክኮ ገመዱን ነቀለ። ሲመለስ መሪጌታ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። መሪጌታ በመቋሚያቸው አገዱት።

"እኔን ምን በድለኸኛል?" አሉት። "ወደዚያ ነው።"

ወደ አስካለ ዞረ። ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። እሷም ጥቂት አስጠበቀችው፤ ሻዩን ገና ያልጨረሰች ይመስል። ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሻለቃ አሁን የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ መልክ ይዟል፤ ማሞቂያው ቢነቀልም ጥቁረቱ አልተመለሰም፣ እኔም አይመለስም ብያቸው ነበር። ምሽት ላይ ባናውን ታለብሰዋለች፤ አያስፈልገውም ብያት ነበር፤ ይህን ግን አልሰማችኝም።

ባለፈው ገበያ ቀን ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ከዘመሮ የመጣ አንድ ገበሬ ገንዳውን ከጎን እያየ፣ "ያ ጥቁሩ የት ሄደ?" ብሎ ጠየቃት።

አስካለ እጇን በሽርጧ ጠራረገች። ወደ እኔ አላየችም።

"ሻይ ይዘዙና ከላይ ይዩት" አለችው።